ሩቂያ ያስረጀችው ማዘርቦርድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ካቻቢቴ አይደለም፤ የቀለም ብሩሽ ነው። ቤቱ ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ማታቱ የሚሏቸው የሚኒባስ ታክሲዎች ረዳቶች ሲጮሁ ከሚውሉበት መንገድ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛና መሸጫ ነበረች። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አየኝና «መቼም ሴት ልጅ አቧራ ማራገፍ አያቅታትም» ብሎ የተከፈቱ ኮምፒውተሮች ከተደረደሩበት ጥግ አስቀመጠኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አቧራ ስጠርግ ዋልኩ። ማታ ሳስነጥስ ከአፍንጫዬ የሚወጣው ጥቁር ነበር።

እዚህ ላይ «አለ» እንጂ «አሉ» ብዬ አልጽፍለትም። በፊቱ ብዙ ዓመት አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

በዚያ ቤት ሥራ ማዕረግ ነበረው። ብሩሽ የያዘ ይጠርጋል። ካቻቢቴ የያዘ ይፈታል፣ ይገጥማል። ካውያ የያዘ ይበይዳል፤ እሱ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አይጠራም። ከብሩሽ ወደ ካቻቢቴ ያለፍኩት አንዱ ሠራተኛ ሳይሰናበት ጠፍቶ ነው። ወደ ካውያ ያለፍኩት ግን ለምኜም፣ ተሰድቤም፣ ጣቴን አቃጥዬም ነው።

ከዚያ ማንም የማይፈልገው ሥራ እኔ ላይ ወደቀ፤ የዋስትና ሥራ። ዋስትና ያለው ዕቃ ተበላሽቶ ሲመጣ ወደ አከፋፋዩ ወስዶ መለወጥ ነው። ደንበኛው እኔ ላይ ይጮሃል፣ አከፋፋዩ እኔ ላይ ይጮሃል፣ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ሁለቱን ወክሎ ይጮሃል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደህና መሆኑን በምናውቀው ፓወር ሰፕላይና ራም ዕቃውን እንፈትነዋለን። አልነሣ ካለ ፊትና ጀርባውን ፎቶ እናነሣለን፣ ከነከረጢቱ ከነካርቶኑ እናሽገዋለን፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ወዳለው አከፋፋይ ይዤው እሄዳለሁ። እዚያ ዕቃውን ማንም አያየውም። የሚያዩት ስቲከሩን ነው። ሲሪያል ቁጥሩን ኮምፒውተራቸው ላይ ይመቱታል፤ ኮምፒውተሩ እሺ ካለ እሺ ነው፣ እምቢ ካለ ብታለቅሱም አይሰማችሁም።

ሩቂያ የምትኖረው ሞያሌ ነው፣ በኢትዮጵያ በኩል። እዚያ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አላት፤ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፣ ኮፒ ታደርጋለች። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ገበያ ዕቃ ልትገዛ ስትመጣ ከእኛ ቤት ኮምፒውተር ገዛች፣ አዲስ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ነገር ባጋጠማት ቁጥር ትደውልልኛለች። ወሬዋ ያስቀኝ ነበር፤ ወዳጅ ሆንን።

አንድ ጠዋት ደወለች።

«ገኒ፣ ሞተብኝ!»

«ማን?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ማሽኑ ነዋ! ሰው መሰለሽ? ሰውማ ቢሆን ቀብሬ እገላገል ነበር።»

በስልክ ካሜራ እያየሁ አስፈታኋት። ከጎረቤት ፓወር ሰፕላይ ተውሳ ሞከረች፤ ምንም የለም። የሞተው ማዘርቦርዱ ነው። ያን ጊዜ ድምፅዋ ተለወጠ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል፤ የተማሪዎቹን ፎቶና መታወቂያ በሙሉ እሷ እንድትሠራ ትምህርት ቤቱ ቃል ገብቶላታል። ዓመቱን የሚያኖራት ያ ሥራ ነው። ከፊት ለፊቷ ደግሞ አንድ ሰውዬ አዲስ የፎቶ ቤት ከፍቷል። «ከምዝገባ በፊት ካልደረሰልኝ እሱ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው» አለችኝ።

«ዋስትናሽ አላለቀም። ቦርዱን ፍቺና በሞያሌ አውቶቡስ ላኪልኝ፤ ለውጬ እልክልሻለሁ» አልኳት። ዱዓ አደረገችልኝ።

ዕቃውን ያመጣው ኢብራሂም ነው፤ በሞያሌና በኢስሊ መካከል የሰው አደራ የሚያመላልስ ታማኝ ሰው። ከመቀመጫው ሥር በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ስፈታው ክው አልኩ። ካርቶን የለ፣ ከረጢት የለ። ማዘርቦርዱ በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። ጠርዙ በሸካራ ነገር ተፍቋል። ስቲከሮቹ አንድ ሳይቀሩ ተልጠዋል።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።

«ሩቂያዬ፣ ምን ያገኘው ዕቃ ነው?»

«አየሽው?» አለች፣ ደስ ብሏት። «አሳምሬ አላስረጀሁትም? ኬላው ላይ ዞር ብሎ ያየው የለም!»

ድንበር ላይ የኖረ ሰው ይገባዋል። አዲስ የሚመስል ዕቃ የፈታሽ እጅ ይስባል፤ ቀረጥ ክፈል፣ ደረሰኝ አምጣ፣ ቁም፣ ተቀመጥ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ጫማ ጭቃ ተረግጦበት ይሻገራል፣ አዲስ ብርድ ልብስ ታጥቦ ይሻገራል። ሩቂያ ከልጅነቷ ስትሠራው ያደገችውን ነው ለእኔም የሠራችልኝ። ኬላው አሮጌ እንዲመስል ይፈልጋል፣ አከፋፋዩ አዲስ እንደነበር ማየት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለች አንዲት ሴት ምን ታድርግ?

ቦርዱን በአልኮል አጥቤ ፓርክላንድስ ወሰድኩት። መስኮቱ ላይ የሚሠራው ካማው ለዓመታት የማውቀው ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና መለሰልኝ።

«ዳዳ፣ ሲሪያል ሃይፖ» አለኝ በስዋሂሊ። እኅቴ፣ ቁጥሩ የለም ማለቱ ነው። «ቁጥር የሌለው ቦርድ ለእኔ ብረት ነው። ፖሌ፣ አዝናለሁ።»

ለመንኩት። ሳቀብኝ። ወጣሁ።

ለጋሽ ታደሰ ልነግረው ስገባ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። አንድ ዕቃ ተመላሽ በሆነ ቁጥር ቤቱን የሚያናውጥ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ ሲበራ አየሁት።

«ራሷ ፋቀችው? በቃ፣ ዋስትናው ወደቀ! እኛ ምን እናድርጋት? ንገሪያትና ቁርጧን ትወቅ።»

ነገሩ አልጣመኝም። ወደ ደረጃው ወጥቼ ለሩቂያ ደወልኩና ስቲከሮቹን ጥላቸው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምን ቆርጦኝ እጥላለሁ! ባዶው የማሽኑ ሳጥን ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ቦርዱ ተሠርቶ ሲመጣ መልሼ ልለጥፍለት ብዬ።»

ስልኬን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። በማግስቱ በጠዋት ካማው መስኮቱን ሳይከፍት ደርሼ ጠበቅኩት።

ቁጥሩን መታው። እንደገና መታው። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ ወደ እኔ አዞረልኝ።

«ይህን ቦርድ ማን ሸጠልሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ይህ ድሮ ሌላ ሱቅ ተበላሽቶብኛል ብሎ መልሶልን፣ ለውጠንለት፣ ከመዝገብ የወጣ ነው። ከብረታ ብረት ጋር ነው የሸጥነው።»

ገባኝ። የሞተውን ቦርድ ቁራሌው ገዝቶ፣ አንዱ በካውያ ነካክቶ አስነሥቶት፣ በርካሽ እኛ ቤት ደርሶ፣ ሩቂያ አዲስ ብላ ገዝታዋለች። ስክሪኑን ፎቶ ላንሣ ስል ካማው በእጁ ከለለው። «እንጀራዬን እንዳታስቀሪብኝ» አለ። እሱም እውነቱን ነው።

ስመለስ መንገድ ላይ፣ ሩቂያ የገዛችበት ቀን ትዝ አለኝ። እኔ ፓርክላንድስ ነበርኩ። ስመለስ ማሽኑ ተገጥሞ፣ ተዘግቶ፣ ታሽጎ አገኘሁት። የገጠመው ጋሽ ታደሰ ራሱ ነው፤ ካቻቢቴ ከያዘ ዘመን አልፎት ነበር። ዛሬ ምን ትጋት ያዘው ብዬ ስቄ ነበር። ወይ ነዶ!

ደሜ ፈልቶ ገባሁ። «ጋሼ፣ የሩቂያ ቦርድ ከቁራሌ የመጣ ነው። አከፋፋዩ ነገረኝ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። አልካደም። «ታዲያ ሲሠራላት አልቆየም? መሥራቱንማ ሠርቷል።»

«አዲስ ብለው ነው የሸጡላት! ሴትዮዋ እንጀራዋ በዚያ ማሽን ነው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልክ ነሽ፣ ገነት። ሰው ይሳሳታል። ነገ አዲስ ቦርድ በነጻ እልክላታለሁ። አንቺ ግን አትደውዪላት፤ የእኔ ጥፋት ከእኔ አፍ ይውጣ። ራሴ ደውዬ ይቅርታ እላታለሁ።»

ምን ልበላችሁ፣ አከበርኩት። ያን ማታ በቲካ መንገድ ካሳራኒ ወዳለው ቤቴ ስሄድ ማታቱ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ነበር። ሞኝ!

በማግስቱ የተላከ ቦርድ የለም፤ የሚታሸግም የለም። ብጠይቀው «ተነጋግረናል» ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ። ወደ ደረጃው ወጣሁና ለሩቂያ ደወልኩ።

«አቤት ገነት» አለች። ገኒ አላለችኝም።

የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ጋሼ ትናንት ማታ ደውለውልኝ ነበር» አለች። «ስቲከሩን መላጤ ዋስትናውን እንደገደለው ነገሩኝ። እውነትም ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲያም ሆኖ አልጥልሽም ብለው በቅናሽ ሊሰጡኝ ነው። አንቺ የራስሽን ሱቅ ልትከፍቺ ደንበኛ እያባበልሽ መሆኑንም ነግረውኛል። ይህን ትላለች ያሉኝን ነው ቃል በቃል ያልሽኝ። ተይ ገነት፣ ስለ እንጀራ ተብሎ የሰው ስም አይጠፋም።»

«ሩቂያ፣ በእግዜር! ቁጥሩን አይቻለሁ እኮ!»

«ቁጥሩን የፋቅሁት እኔ ነኝ» አለች። ዘጋችው።

እርር ድብን አልኩ። መልሼ ብደውል አታነሣም። ጽፌ ብልክ አታነብም። እሷ ላይ መናደድ አቃተኝ፤ በገዛ እጇ ያበላሸች መስሏት አፍራለች፣ ያፈረ ሰው ደግሞ የማረውን ሰው ያምናል። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በዚህ ሙያ ጥርሱን የነቀለው በማዘርቦርድ አይደለም፣ በሰው ነው።

ሩቂያ ቦርዱን ለሰው አደራ አላምንም ብላ ራሷ ናይሮቢ መጣች። ለጋሽ ታደሰ በጀሪካን የግመል ወተት ይዛለታለች። «ስለተቸገሩልኝ ነው» አለችው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። እሱም «ምን ችግር አለው፣ እኅቴ አይደለሽ!» ብሎ ተቀበላት። በብርጭቆ ቀድቶ ፊቴ ጠጣው። ከንፈሩ ላይ ነጭ ቀርቶ ነበር።

አዲሱን ቦርድ ሲያወጣ ከእጁ ተቀበልኩት። ማንንም ሳላስፈቅድ ቁጥሩን ለካማው በስልክ አነበብኩለት። ንጹሕ ነው፣ አዲስ ነው አለኝ። ጋሽ ታደሰ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በከረጢቱ፣ በካርቶኑ አሽጌ ለሩቂያ ሰጠኋት።

«ይኼኛው ጥሩ ነው» አልኳት፣ ዓይኗን እየፈለግኩ።

«ያኛውም ጥሩ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሞያሌ ስትደርስ ምዝገባው አልቋል። የተማሪዎቹን መታወቂያ ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ ሠርቶታል፤ የሚመጣውም ዓመት የእሱ ነው ተብሏል። ይህን የነገረኝ ኢብራሂም ነው። ቤቷን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለስልክ ካርድ ሻጭ አከራይታለች አለኝ። ሰላምታ አድርስልኝ ብዬው ነበር፤ መልስ አላመጣልኝም።

እኔም ከዚያ ቤት ወጣሁ። ዛሬ ከሌሎች ጋር በምጋራው ሱቅ አንድ ጠረጴዛ አለኝ። ጋሽ ታደሰ «አላልኳችሁም?» እያለ ነው አሉ።

ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው። የተበላሸ ዕቃ ድንበር ተሻግሮ ሲመጣላችሁና ጥፋቱን ስታገኙት፣ ለአለቃችሁ ከመንገራችሁ በፊት ለባለቤቱ ደውሉ። እኔ የደወልኩት ከአለቃዬ ቀጥዬ፣ ሁለተኛ ነው።