የአጋሮው ኮምፒውተር ሰዓት

ነገሩ ሲደርስብኝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ጅማ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ያየሁት ነው። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ የይለፍ ቃሏን ደጋግማ ብትጽፍም ኮምፒውተሩ አላስገባ አላት። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ለማን ሰጥተሽው ነው?» አላት። ደሜ ፈላ። አንገቴን አስግጌ መጀመሪያ ያየሁት የስክሪኑን ጥግ ነው፤ ሰዓቱን።

ያን ጊዜ አጋሮ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ መዝጋቢ ነበርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀ ቡናውን፣ ጭኖ ሲመጣ ብራውዘር ከፍቼ ጅማ ዋናው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ እመዘግብለታለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የማይከፈት፣ የራሳችን የውስጥ መረብ ነው። ሳይመዘገብ ደግሞ አንድም ኬሻ አይራገፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ያቺ ትንሽ ሳጥን ተመልሳ ብቅ አለች፤ እንደገና ጻፊ። ጻፍኩ። አሁንም መጣች። ውጪ ካፊያ ይጥላል፤ እስከ ጎማው ወገብ ጭቃ የበላ አይሱዙ ተሰልፏል፤ ከሸራው ሥር የራሰ ጀንፈል ይሸታል። ጅማ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያችን ደወልኩ። ብራውዘሩን ዘግተሽ ክፈቺ፣ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል አጥፊ፣ ፊደሉን ተመልከቺ፤ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። በመጨረሻ፣

«የኮምፒውተሩ ሰዓት ልክ ነው?» አለኝ።

ጥጉን አየሁ። «ሦስት ከሩብ ይላል።»

«እሺ፣ ልክ ነው» አለ። የእሱም የእጅ ሰዓት ሦስት ከሩብ ይል ነበር። ሁለታችንም የዚሁ አገር ሰዎች ነን፤ ማን ይጠርጥር?

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ግርማ ያኑ ዕለት ጅማ ዋናው ቢሮ ሄደው በራሳቸው ስም ሞከሩ፤ ገባላቸው። በቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆነ። የአባቴ እህት አዳዳ ሐሊማ መጋዘኑ በር ላይ ሻይ ቤት ነበራት። አቶ ግርማ ማታ ተመልሰው እዚያ ተቀመጡና፣ ጭኮ በሚበሉ ሾፌሮችና ገበሬዎች መሀል፣ «አንቺ ልጅ፣ የይለፍ ቃልሽን ለደላላ ሰጥተሽ ነው የተዘጋብሽ። ሌባ መጋዘኔ ውስጥ አይሠራም» አሉኝ። የቡና አገር ነው፤ በቡና ሌብነት ስሟ የተነሣ ልጅ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ማን ይቀጥራታል? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጅሬን፣ እናቴ ዘንድ ደረሰ። አዳዳ ግን ያን ዕለት፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ብርጭቆ እጠቢ» ብላ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

ባለሙያው በሳምንቱ መጨረሻ ራሱ መጣ። ለሙከራ ጠሩኝና አጠገቡ ቆምኩ። ስልኩን ኪቦርዱ ጎን ሲያስቀምጥ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ቀረ። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ይላል፤ ስክሪኑ ሦስት።

«ማነው ይሄን የነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ግርማ፣ ኮራ ብለው። «ቅዳሜ ወደ እኛ ሰዓት አስተካከልኩት። ጠዋት በሦስት ሰዓት ዘጠኝ እያለ ሰው ያደናግራል።»

ለካ የጅማው ኮምፒውተር የሚያንኳኳውን ኮምፒውተር ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ እንግዳ ሲመጣበት የይለፍ ቃሉ ልክ ቢሆንም በሩን አይከፍትም። ባለሙያው ሰዓቱን መለሰው። ጻፍኩ፤ ገባሁ። ሁለቱም ሳቁ። አቶ ግርማ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በይ ሥራሽን ቀጥዪ» አሉኝ። ያ ሳቅ ከስድቡ ይበልጥ ነው ያንገበገበኝ። ሌባ የተባልኩት አደባባይ፣ ንጹሕ የሆንኩት በሩ በተዘጋ ቢሮ!

የባለፈው ሳምንቷ ልጅ የኮምፒውተሯ ሰዓት ልክ ነበር፤ ችግሩ ሌላ መሆን አለበት፣ አላወቅሁትም። አለቃዋን ግን፣ «ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ከተገኘ እዚሁ ቆመው ይነግሩናል?» አልኩት። «ቀጣይ!» ብሎ ወረፋውን ጠራ። ወረፋው ውስጥ አንዲት ሴት ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ።

ባለሙያው ሰዓቱን የመለሰ ዕለት አጋሮ፣ አቶ ግርማ እንደ ልማዳቸው ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት መጥተው ተቀመጡ። አዳዳ ሐሊማ ሻዩን ቀዳችና ፊታቸው አስቀመጠች፤ አልሄደችም።

«ሰኞ እዚህ ተቀምጠው የተናገሩትን፣ እዚሁ ያንሱት» አለቻቸው።

«ወይ ሐሊማ፣ ሰዓት ነው እኮ ያሳሳተን» ብለው ሳቁ።

ብርጭቆውን ከፊታቸው አነሣች። ሻዩን ደጅ ደፋችው። ከዚያ ወንበር አጥቶ ቆሞ የነበረ አንድ ገበሬ ጠርታ፣ እሳቸው ገና ሳይነሡ፣ «ይኸው ቦታ ተለቀቀ፣ ተቀመጥ» አለችው።