ፌንጣ የገባበት የመነን በሶ

መነን በሶ የምታዘጋጀው አሜሪካ፣ ሎረንስቪል በገዛችው ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዋን ዝናብ ይመታታል፤ ገብሱ ግን ጣሪያ አለው። ራሷ ትለቅማለች፣ ራሷ ትቆላለች፣ በኤሌክትሪክ ወፍጮ ራሷ ትፈጫለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሰው እናትና አባት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። እሁድ ቅዳሴ ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ የመኪናዋን ኋላ ትከፍትና በሶዋን ትሸጣለች። ሁዳዴ ሲገባ ሰው ይሻማባታል፤ እጇ ንጹሕ ነውና። በመነን በሶ ውስጥ ጠጠር ነክሶ ጉንጩን የያዘ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ እዚህች ሴት ቤት ነው ፌንጣ የገባው። በእግሩ ዘሎ ቢገባ ባልከፋኝ። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ "የጾም ነው" ተብሎ ነው የገባው። ጎረቤቷ ነኝና እኔም ጠጥቻለሁ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ምላሴን በጥርሴ እየፋቅሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደግነት ነው። እማማ ገበያነሽ የሚባሉ እናት አሉን። ሰማንያን አልፈዋል፤ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ብቻቸውን ይኖራሉ። በዚህ ሁዳዴ ሰውነታቸው ከሳ። ዶክተሩ "ፕሮቲን ያስፈልግዎታል፣ እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ" ቢላቸው፣ "ልጄ፣ እኔ በሁዳዴ ወተት ከምቀምስ ብሞት ይሻለኛል" ብለውት ወጡ። መነን ይህን ስትሰማ አላስችላት አለ። የአክስቷን ልጅ ፍስሐን ጠራችው።

የፍስሐ ኑሮ ጂም ነው። ክንዱን ሲያሳብጥ ይውልና ለሌሎች አሳባጮች የጡንቻ ዱቄት ይሸጣል።

"የጾም የሆነ ፕሮቲን አለህ?" አለችው።

"አለኝ።"

"ወተት አለው?"

"የለውም።"

"እንቁላል?"

"የለውም።"

"ሥጋ ነክ ነገርስ?"

"መኒዬ፣ ትረስት ሚ። ኦርጋኒክ ነው።"

አሜሪካ ያለን ጾመኞች ሱቅ ገብተን የምንጠይቀው እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ መልሱ "የለውም" ከሆነ ዓይናችንን ጨፍነን እንጎርሳለን። "ታዲያ ምን አለው?" የሚል የለም። መነንም አላለችም። ፍስሐ ጽሑፍ በሌለው ፌስታል የሰጣትን ቡናማ ዱቄት ከገብሱ ጋር ቀላቀለችው። መልኩ በሶ ነው። ሽታው እንደ ደረቀ ሣር፣ ትንሽ ደግሞ እንደ ደረቀ ዓሣ ነበር፤ እሷ ግን "ኦርጋኒክ ሲሆን እንዲህ ይሸታል መሰለኝ" አለች። ለእማማ ወሰደችላቸው፣ ወደዱት። ሌላው ምእመን ይህን ሰምቶ "ለእኛስ?" አለ። ለሁሉም ቀላቀለች።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ከሥራ ገብታ በሬን አንኳኳች።

"ና እስቲ አንድ ነገር እይልኝ። ወንፊቱ ላይ የቀረ ነው።"

ጋራዡ ውስጥ፣ ነጭ ሳህን ላይ፣ አንድ እግር ተጋድሟል። ከላይ ወፍራም ጭን፤ ከጉልበቱ በታች ቀጭን ቅልጥም፣ ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ እሾህ የተደረደረበት። ወፍጮው ስቶት ያለፈ።

"የገብስ ጢም ነው አይደል?" አለች። መልሱን በዓይኗ እየለመነችኝ ነበር።

"ገብስ ጉልበት የለውም" አልኳት።

የቀረውን ዱቄት በወንፊት አሳለፍነው። ስልኬ ላይ የፌንጣ ሥዕል አወጣሁና የለቀምነውን ከሥዕሉ ጋር አስተያየን። ያ ወፍራም ጭን ሙሉ ጡንቻ ነው፤ ፌንጣን ከቁመቱ ሃያ እጥፍ አርቆ የሚያስፈነጥረው እሱ ነው፣ እሾሁ ደግሞ ሲነሣ እንዳይንሸራተት መሬት ይቆነጥጥለታል። ቀጥሎ የራስ ቅል ግማሽ ወጣ። ትልቁ ዓይን በብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሰፋ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብርሃንና ጨለማ የሚለዩ ሌሎች ሦስት ነጠብጣብ ዓይኖች አሉት። አምስት ዓይን ያለው ነገር ወፍጮ ውስጥ ሲገባ እኛ በሁለት ዓይናችን አላየነውም። መንጋጋው ወደ ጎን ነው የሚቆርጠው፣ እንደ መቀስ። ከመንጋጋው ሥር ጣት የሚመስሉ ትናንሽ ዘንጎች አሉ፤ ቅጠሉን ከመብላቱ በፊት በእነሱ ዳስሶ ይቀምሳል።

"እሱ እንኳ ቀምሶ ነው የሚበላው" አልኩ። መነን አልሳቀችም።

እንደ ክር የቀጠነው የአንቴና ቁራጭ ማሽተቻው ነው። ክንፉ ሁለት ዓይነት ነው፤ የላዩ እንደ ደረቀ ቆዳ የጠነከረ መሸፈኛ፣ የታቹ እንደ ማራገቢያ ተጣጥፎ የሚዘረጋ መብረሪያ። ጆሮውን ራሱ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ክንፉ ሥር፣ ሆዱ በሚጀምርበት ነው ያለው።

ከዚያ ሆዱ መጣ። ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ቁራጭ ነው፤ መነን በጥፍሯ ስትጫነው ተሰነጠቀና ከውስጡ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ፈሰሰ፣ እንደ ትምባሆ ደቃቅ። ፌንጣ የበላውን ሣር የሚያከማችበት ከረጢት አለው፤ ሲይዙት ቡናማ አድርጎ የሚተፋው ከዚያ ነው። ከከረጢቱ ቀጥሎ ጥርስ ያለው መፍጫ፣ ከዚያ አንጀት፣ ከአንጀት በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጠንቃቃ ሰው ከመቁላቱ በፊት አስርቦ ሆዱን ያጸዳዋል ይባላል። ይኼኛውን ያጸዳው የለም። ያ ሁሉ ምእመን የጠጣው ከነሆዱ፣ ከነአንጀቱ፣ ከነኩሱ ነው። መነን ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። እኔ እስከዚያ እንኳ አልደረስኩም፤ የጋራዡ በር ላይ አስመለሰኝ።

ፍስሐ ሲጠራ መጣ። አላፈረም።

"አዎ፣ ፌንጣ ነው። ሶ ዋት? ሜክሲኮዎች ይበሉታል።"

"እነሱ ፌንጣ መሆኑን እያወቁ ነው። ይጣፍጣቸው። አንተ ግን ጾመኛን የጾም ነው ብለህ ነው ያበላኸው።"

"ጋሼ፣ ሥጋ እኮ አይደለም። አጥንት የለው፣ ቀይ ደም የለው። አፍንጫ እንኳ የለውም፣ ላይክ፣ ምኑ ነው እንስሳ?"

"በጎኑ ነው የሚተነፍሰው፤ በግራ አሥር፣ በቀኝ አሥር ቀዳዳ አለው። ደሙ ያልቀላው አየር የመሸከም ሥራ ስለሌለበት ነው። ልቡ እንደ ቱቦ ረዝሞ ጀርባው ላይ ተኝቷል። ሴቷ በሆዷ ጫፍ አፈር ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላል የለውም ያልካት ይኼን ነው?"

"ዮሐንስ መጥምቅ ራሱ አንበጣ በልቷል።"

"እሱ የበላው ቅጠል ነው የሚሉ አባቶች አሉ። ይሁን፣ አንበጣም ይሁን። በግስ ንጹሕ አይደለም? በሁዳዴ ታርዳለህ?"

"ኦኬ፣ የተረፈውን መልሱልኝ። ደንበኛ አለኝ" አለ።

ሳህኑ ላይ ከዚህ አነጋገር የበለጠ የሚያስጠላ ነገር አልነበረም። መነን በረኪና አምጥታ ዱቄቱ ላይ ደፋችበት። እየተነጫነጨ ሄደ።

እኔም በቃ ተገላገልን ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን እያጠበች "ፋሲካ ይለፍና ለጠጡት ሁሉ እነግራቸዋለሁ" አለች። "ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም። የሚቆጠርባቸው ስነግራቸው ነው።"

"ስምሽን ፈርተሽ ነው።"

"አዎ፣ ስሜን ፈርቼ ነው። ከስደተኛ ካምፕ ስመጣ ምን ይዤ የመጣሁ ይመስልሃል? ሻንጣ እንኳ አልነበረኝም። 'የመነን እጅ ንጹሕ ነው' ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ምን አለኝ?"

አሳዘነችኝ፤ አስጠላችኝም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

"እማማ ትናንት በጥብጠው ጠጥተዋል" አልኳት። "ነገም ይጠጣሉ። እስከ ዛሬ ያጠጣቸው ፍስሐ ነው። የነገውን የምታጠጪያቸው ግን አንቺ ነሽ።"

እጇን በጨርቅ ጠረገችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

እማማ በሩን ከፍተው ሁለታችንን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። "ሁለት ሆናችሁ፣ በሥራ ቀን። መርዶ ነው?"

"ኧረ አይደለም እማማ። በሶው ነው።"

መነን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነገረቻቸው። እግሩን አልደበቀች፣ ሆዱን አልደበቀች።

"ፌንጣ" አሉ እማማ።

"አዎ።"

"ከነሆዱ።"

"ከነሆዱ፣ እማማ።"

ግድግዳውን ይዘው ወደ ማጠቢያው ሄዱ፣ ተጉመጠመጡ፣ ተፉ፣ ደግመው ተጉመጠመጡ። ጀርባቸውን እንደሰጡን "እኔ ደግሞ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ ብዬ ተመስገን እላለሁ" አሉ። "ለካ ዝላይ ነው የሰጠሽኝ።"

መነን ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ማልቀስ ቀደማት።

"አታልቅሺ፣ ለቅሶሽ አፌን አያጥብልኝም። ለንስሐ አባቴ የምለውን እኔ አውቃለሁ። የሌላውስ?"

"ፋሲካ ሲያልፍ ብዬ ነበር።"

"እኔ ተፍቼ ሌላው ሲጠጣ ሊሰነብት? የእነሱ ጾም ከእኔ ጾም በምን ያንሳል? እሁድ ትነግሪያለሽ፤ እስከዚያ ስልክ የምታውቂላቸውን እየደወልሽ አስጥያቸው።"

ደወለች። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ ሲያበቃ ፓርኪንጉ ላይ ባዶ እጇን ቆመች፣ ያልሰማውን ሁሉ እያስቆመች ነገረች። እማማ መኪናዋ ውስጥ በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። ሩሐማ የምትባል ነርስ እስኪያስላት ሳቀችና ወዲያው ልታስመልስ ወደ አጥሩ ሄደች። የሦስት ልጆች አባት የሆነው ቶማስ ጮኸ።

"ልጆቼ ጠጥተውታል። ሁለተኛ ከእጅሽ ውኃ አልቀበልም።"

"አትቀበል። አልፈርድብህም" አለችው።

"ቶማስ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ" አሉት እማማ ከመኪናው። "ነግራሃለች። ሌሎች ሳይነግሩህ ያጠጡህን ታውቀዋለህ?"

እሱ ልጆቹን እየጎተተ ሄደ። ሌሎቹም ከእሷ ዘወር እያሉ፣ እየተንሾካሾኩ ወደየመኪናቸው ገቡ። መነን የፍስሐን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም።

"ለምን እሱ እንዳመጣው አትነግሪያቸውም?" አልኳት። "አንቺ ስትሰደቢ እሱ ጂም ውስጥ መስታወት እያየ ነው።"

"የሱን እሱ ይናገር። የፈጨሁት እኔ ነኝ" አለችኝና ሊወጣ ወደተነሳው የመጨረሻ መኪና ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች።