ሳላነባቸው የሄዱ ማመልከቻዎች

ማንበብ የተማርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ንዴት ነው። ከሁሩሙ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማድረቂያ ውስጥ አሥራ አራት የቡና መከር ሠርቻለሁ። እኛ የሥራ ዘመናችንን የምንቆጥረው በመከር ነው። አንድ ቀን የባለቤቱ ጸሐፊ ወረቀት ዘርግቶ «የሥራ ልብስ መቀበያ ነው» አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት። ወረቀቱ ግን በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን የሚናገር ኖሯል። አቤት ባልኩበት ሁሉ ያንኑ የጣቴን አሻራ እያሳዩ መለሱኝ።

መቱ ገብቼ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ማን ያታልለኛል ብዬ ወደ መሥሪያ ቤት በር ብሄድ የተለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ነው። ኦሮምኛውን አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን አያውቀውም። እልሄን ዋጥ አድርጌ በመጋዘን ጥበቃ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ባለፈው ሐምሌ መጋዘኑ ሲዘጋ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የምፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቡና ወደሚሰጣበት አልጋዬ መመለስ።

መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት አለች። የከተማው ግማሽ ማመልከቻ በእጇ ያለፈ ነው። ችግሬን ሰምታ ስልኬን ተቀበለችኝና «ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ኤጀንት ነው» አለችኝ።

እኔ ኤጀንት የማውቀው ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልከውን ነው። ይህን ብነግራት ሳቋ አላቆም አለ። እሷ የምትለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እንደ ኮምፒውተር ሰዎች ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ፣ በተራ አማርኛ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልግ እየነገርከው፣ ስልኩ ላይ ያሉትን ሣጥኖች በመስመር እያገናኘህ የምታበጀው ሠራተኛ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት አበጀን። አንደኛው የሥራ ማስታወቂያ እየዞረ ይለቅማል። ሁለተኛው በቁቤ የተጻፈውን ፎቶ ሳነሳለት በኦሮምኛ ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል። ሦስተኛው ማመልከቻ ጽፎ ይልካል።

በመጨረሻው ላይ አንድ ሣጥን ጨመረች። ከመላኩ በፊት ለእኔ አሳይቶ «ይሁን» እንድለው ነው። ሣጥኑን አስነሳኋት። በእኛ ከተማ ማመልከቻ ያስጻፈ ሰው መልሶ አያነብም። ጸሐፊው ፊት ትቀመጣለህ፣ ጉዳይህን ትነግረዋለህ፣ «የቀረውን አንተ ታውቃለህ» ትለዋለህ፣ ግርጌው ላይ ትፈርማለህ። ላንብብ ብትል ጸሐፊውን እንደ መስደብ ነው። እኔም ለማሽኑ ያንኑ ጻፍኩለት፦ የቀረውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔን ሳትጠብቅ ላክ።

«ኋላ እኔን እንዳይወቅሱኝ» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከያዮ ተደወለልኝ። የቡና ማድረቂያ ተቆጣጣሪ ይፈልጋሉ፣ ለቃለ መጠይቅ ና ተባልኩ። ሸሚዜን አስተኩሼ፣ በዚያ መንገድ ተንገጫግጬ ደረስኩ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የመሀለኛው መነጽሩን አድርጎ ማመልከቻዬን ማንበብ ጀመረ። በቡና ጥራት ዲፕሎማ አለኝ ይላል። አርባ ሠራተኞች መርቻለሁ። እንግሊዝኛ በመጠኑ እናገራለሁ። እያነበበ ሳለ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መስሎኝ በሩን ዞር ብዬ አየሁት።

ዲፕሎማውን አምጣ አለኝ። የለኝም አልኩ። ታዲያ ይህን ማን ጻፈው አለኝ። አንደኛው በአፍንጫው ሳቀ። መነጽራሙ ወረቀቱን አጥፎ ገፋልኝ።

«ኦቦ፣ ሽበትዎን አይቼ ነው የማልከስዎት» አለኝ። «ይሂዱ።»

ስመለስ መኪናው ውስጥ ጣቴን ሳየው ዋልኩ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፣ ይሁን። አሁንስ? ማንበብ ለመማር ሁለት ዓመት ከልጆቼ እኩያ ጋር አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩ ሰው፣ በፈቃዴ ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ፈረምኩ። ማሽኑ አልሰረቀኝም። የቀረውን ታውቃለህ አልኩት፤ የማያውቀውን ሞላው። የእኛ ማመልከቻ ጸሐፊ ልመናውንና አክብሮቱን ነው የሚያበዛው። ይሄኛው እኔኑ አበዛኝ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ እስካሁን የተላከውን ሁሉ አትሚልኝ አልኳት። ዘጠኝ ነበር። እዚያው ጥግ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ሦስት ቀን አነበብኩ። አዝጋሚ አንባቢ ነኝ፣ አላፍርበትም። በዘጠኙ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አንዱ መኪና ይነዳል። ዲፕሎማው ከአራቱ አልጠፋም።

ለዘጠኙም ማረሚያ እልካለሁ ስላት የምትለጥፈውን ፎቶ አስቀምጣ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እስካሁን ጥለውታል እኮ። ማን አስታወሰዎት?»

«ስሜ አለበት» አልኳት።

«በራስዎ ላይ ሊመሰክሩ ነው?»

«አዎ። ደግሞ አንቺ ወረቀት ስጪኝ እንጂ አትመክሪኝ።»

ሰጠችኝ። እያጉረመረመች ነው የሰጠችኝ። ማረሚያውን በእጄ ጻፍኩት፦ ከዚህ በፊት በስሜ የደረሳችሁ ማመልከቻ ውስጥ ውሸት አለ። ዲፕሎማ የለኝም። የጎልማሶች ትምህርት ጨርሻለሁ። አሥራ አራት መከር ቡና አድርቄያለሁ፣ ጀንፈል ቡና መድረቁን በድምፁ አውቃለሁ። ሌላ የለኝም። ሳላነብ የላክሁት እኔ ነኝ። ፎቶ አንስቼ ለሦስተኛው ኤጀንት ሰጠሁትና፣ አንድም ቃል ሳይጨምር ለዘጠኙም እንዲልክ አዘዝኩት። ያስነሳሁትንም ሣጥን መልሼ አስገባሁት። መመሪያውን አጥፍቼ በሌላ ተካሁት፦ ያልነገርኩህን አትጻፍ፣ ከሌለኝ የለኝም በል፣ ካላነበብኩት ምንም አይሄድም።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ከሁለት ማመልከቻ በላይ አልወጣልኝም። አንዱን ማንበብ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስድብኛል። ማሽኑ በደቂቃ ጽፎ ይጠብቀኛል፤ እኔ እሰርዛለሁ፣ እሱ ያስተካክላል፣ ደግሞ እሰርዛለሁ። «ታታሪ» ይለኛል፣ አወጣዋለሁ። መጠበቁ ከከፋው ይክፋው።

ማረሚያው ከደረሳቸው ከዘጠኙ ስምንቱ ዝም አሉ። ዘጠነኛው ከዳሪሙ ደወለ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ማድረቂያውን የምታስተዳድረው ሴት ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ጠበቀችኝ፣ የሐሰቱንም የእጅ ጽሑፌንም። በኦሮምኛ ነው ያነጋገረችኝ። ብዙ አልጠየቀችም፤ ማረሚያውን ማን እንዳስጻፈኝ ጠየቀች፣ ማንም አላስጻፈኝም አልኳት። ከዚያ ወደ አልጋዎቹ ወሰደችኝ። ቡናው ገና መግባት መጀመሩ ነው። ከአንዱ አልጋ አንድ እፍኝ አንስቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት፤ አንዱን በጥርሴ ያዝኩት። ይሄኛው ሳይደርቅ ተሸፍኗል፣ ዛሬ ካልተገለጠ ይሻግታል አልኳት። ራሷ ገለጠችው። ወዲያው እስከ ጥር መጨረሻ፣ ቡናው እስኪያልቅ ትሠራለህ ብላ ውሉን አመጣች።

በቁቤ ነበር።

የጣት አሻራ ቀለምም ብዕርም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ሳላነብ አልፈርምም» አልኳት።

«እኔ ላንብብልህ።»

«አይሆንም። ኔትወርክ የት ነው የሚገኘው?»

ተቀይማለች፣ ፊቷ ያስታውቃል። ሌላ ሰውም ለሥራው እንደሚመጣ ነገረችኝ። ይምጣ አልኳት። በእጇ ኮረብታውን አሳየችኝ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ሁለተኛውን ኤጀንት በኦሮምኛ እንዲያነብልኝ አደረግኩት። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ጆሮዬ ይሰማል። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። አራተኛው መስመር ላይ የሥራው ዘመን አንድ ወር ይላል።

ስወርድ ጠረጴዛው ጋ ነበረች። ሌላ ሰው አልመጣም። ጣቴን አራተኛው መስመር ላይ አድርጌ፣ እኛ የተነጋገርነው እስከ ጥር መጨረሻ ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው። የቀን ሠራተኛ ውል ነው፣ ቅጹን ሳንቀይረው ቀርተን ነው አለች። ውሸቷን ይሁን እውነቷን አላውቅም፤ ለማወቅም አልደከምኩ። መስመሩን በብዕር ሰርዛ ከላዩ ጻፈችና ጎኑ ላይ ፈረመች። የጻፈችውን ድምፅ አውጥታ እንድታነብልኝ አደረግኩ፣ የወሩንም ስም ፊደል በፊደል አስቆጠርኳት።

የቀለሙን ጣሳ ወደ እሷ ገፍቼ ብዕሩን አነሳሁ። ስሜን ስጽፍ ዝግ እላለሁ። ጠበቀችኝ።