የላሊሴ መረብ

ባለፈው ጥቅምት ለልቅሶ መቱ አጠገብ ወዳለችው ሁሩሙ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም፤ የመንገዱ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ድንኳኑ ውስጥ ምስር ወጥ ቀርቦ ስንበላ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት በግራ እጇ ስትጎርስ አየሁ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ገልመጥ አደረጓት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ላሊሴ ነበረች።

መቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። የሳይንስ ክበባችንን ይመሩ የነበሩት መምህራችን ጋሼ ንጉሤ፣ ከመካከላችን አንድ ተማሪ ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ እንደሚላክ ነገሩን። ከእኔና ከላሊሴ አንዳችን እንደምንሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ላሊሴ ያኔ አንድ ጽሑፍ አንብባ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በሕዋስ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ክሮቹን የሚጎትቱ፣ በዓይን የማይታዩ ሞተሮችም አሉ። ክሮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ሞተሮቹ ቢጎትቱም ይንሸራተታሉ እንጂ ምንም አይፈጠርም። ማያያዣው ጥቂት በጥቂት ሲጨመር ግን ቀን ይመጣበታል፤ መረቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ መሃል ተሰብስቦ ይጨማደዳል። ማንጎ እየመጠጠች፣ "እስከ መጨረሻዋ ቋጠሮ ድረስ ምንም የለም። ከዚያች በኋላ አለቀ!" ትለኝ ነበር።

ተማሪው የሚመረጠው እንግዶች በሚገኙበት የክበቡ ትርኢት ላይ ነበርና፣ ይህንን በገመድና በሰው ልታሳይ አሰበች። የቃጫ ገመዶች የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ አነባብራ ዘረጋች። አሥራ ሁለት ሆነን እንደ ሞተር ቆመን ገመዱን ወደ ራሳችን እንስባለን፤ እሷ የመሃሉን ቋጠሮ ይዛ ታስረዳለች። ማንም እንዳይጎዳ ቋጠሮዎቹን ላላ አድርጋ ነበር ያሰረቻቸው፤ ጠንከር ተደርጎ ሲሳብ ይፈታሉ።

እንግዶች ልትቀበል ስትወጣ፣ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አጠበቅኳቸው። እንድትወድቅና እንዲሳቅባት ነበር የፈለግኩት።

"ሃርኪሳ! ጎትቱ!" አለች እየሳቀች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ጎተትን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ገመዱ ሁሉ ከወለሉ ባንዴ ተነሣ፤ እርስ በርስ እየተጎተትን እላይዋ ላይ ተከመርን። ገመዱ ቀኝ እጇ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

"አቁሙ! እጄን!" ብላ ጮኸች።

ተመልካቹ የትርኢቱ አካል መስሎት በሳቅ አውካካ። እኔ ግን የምሯን እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሜ ሳብኩ። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት።

አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ጋሼ ንጉሤ ደንግጠው፣ እንግዶቹን እያዩ፣ "የሚያስረዳልን አለ?" አሉ። እጄን አወጣሁ። እሷ እያለቀሰች፣ የራሷን ማብራሪያ ቃል በቃል ደገምኩት። ተጨበጨበልኝ። አዲስ አበባ የሄድኩት እኔ ነኝ። እሷ ወጌሻ ጋ ተወሰደች፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ከሳምንት በኋላ የነበረውን የመልቀቂያ ፈተናም ሳትጽፍ ቀረች።

ከድንኳኑ ስትወጣ ተከተልኳት።

"ላሊሴ፣ ያኔ ቋጠሮዎቹን..."

"አውቃለሁ፤ ከአዳራሹ በር ላይ አይቼሃለሁ" አለች።

"አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"የጓደኛ ተንኮል ነው ብዬ። ስጮህ የምታቆም መስሎኝ ነበር።"

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደሌ ቋጠሮዎቹን ማጥበቄ ይመስለኝ ነበር። ያንን እዚያው፣ በሩ ላይ ቆማ ይቅር ብላኝ ኖሯል። ይቅር ያላለችው ከጮኸች በኋላ የሳብኩትን ነው።