ቡናማ ነጥብ የምትቆጥረው ሴት

ምላጭ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ምላሷን ፈርተው አይደለም፤ ምላሷም ቢሆን የዋዛ ባይሆንም። ስሙ የመጣው ከእጇ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መስኮቱ ከአላፊ አግዳሚ ጫማ በቀር ምንም በማያሳይ የሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሕመምተኛ ገላ የወጣውን ሥጋ በሰም ውስጥ አድርጋ ከፀጉር በቀጠነ ስስ ቅጠል ትቆርጣለች፣ መስታወት ላይ ታነጥፋለች፣ ቀለም ታጠጣለች። ሐኪሞቹ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ከውጤቱ ግርጌ የሚሰፍረው ግን የእነሱ ስም ነው፤ የእሷ ስም የሚነሳው መስታወት የተሰበረ ዕለት ነው።

የክፍሉ የበላይ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሆርሞን በሚያመነጩ አካላት ላይ የሚበቅል ዕጢ የእሳቸው ርስት ነው፤ ማንም አይነካባቸውም። ይህ ዕጢ ደግሞ አስመሳይ ነው። ሴሎቹ ተሰልፈው፣ ጨዋ መስለው ይታያሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉበት ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ጠቋሚ ቀለም ይደረግበታል። ለመባዛት የተነሳሳ ሴል አስኳሉ ቡናማ ይሆናል፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ቡናማው ከመቶ ሦስት ካልሞላ ዕጢው ዝግተኛ ነው ይባላል፤ ከዚያ ካለፈ ክትትሉ ይጠናከራል።

መመሪያው ቡናማው የበዛበትን ቦታ ፈልጋችሁ ቢያንስ አምስት መቶ ሴል ቁጠሩ ይላል። ፕሮፌሰሩ ግን መመሪያ ለሌላው ሰው የተጻፈ ነገር ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ይላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ "ከመቶ ሁለት" ይላሉ። አለቀ። የሰው ዕድሜ በጉሮሮ ጠረጋ ይለካል።

አንድ ቀን የአንድ አናጢ ዕጢ መጣና እንደ ልማዳቸው "ሁለት" አሉ።

"ፕሮፌሰር፣ ጠርዙ ላይ ቡናማው በርከት ያለ መሰለኝ። ቢቆጠርስ?" አለች ምላጭ።

"አንቺ ቁረጪ። ማየቱን ለእኛ ተዪው።"

ምሳዋን ትታ መስታወቱን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስታ አሳተመችና በእስክሪብቶ እየነካች ቆጠረችው። ከመቶ ዘጠኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችላቸው። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘችው። ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሳችባቸውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

በሁለተኛው ዓመት የአናጢው የጉበት ቁራጭ መጣ። ፕሮፌሰሩ "ዕጢው ጠባዩን ቀይሯል" ብለው ጻፉ። ዕጢው ምን ብሎ ይከራከር!

ከዚያ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ስብሰባ መሀል ላብ አጥምቋቸው ተዝለፍልፈው ወደቁ። የደማቸው ስኳር እንደ ጉድ ወርዶ ነበር። ሲመረመሩ ቆሽታቸው ላይ ኢንሱሊን የምትረጭ፣ ባቄላ የምታህል ዕጢ ተገኘች። ወጣች፤ እንደማንኛውም ሰው ዕጢም በቁጥር ብቻ ተለይታ ምድር ቤት ወረደች። የእሳቸው ደቀ መዛሙርት የሆኑ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ጎንበስ አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንደኛው "ሁለት" አለ፤ ሌላኛው "ስድስት"።

ፕሮፌሰሩ ደረጃውን በዝግታ ወርደው በሯን አንኳኩ። ሥራ ከገባች ጀምሮ ያ በር ሲንኳኳ የመጀመሪያው ነው።

"እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ?" አሉ። "እነዚህ ልጆች እኮ በዓይናቸው ብቻ አይተው ነው የፈረዱብኝ!"

"ወይ ጉድ! ማን ይሆን እንዲህ ያስተማራቸው?" አለች፣ ፊቷን ቅዱስ አስመስላ።

ፕሮፌሰሩ መሬት መሬት አዩ። "ቁጠሪልኝ፤ አደራሽን" አሉ ቀስ ብለው።

ቤት ስትገባ ባሏ፣ ጡረተኛው የአውቶብስ ሾፌር፣ ነገሩን ሰምቶ "እሰይ አትይም?" አላት።

"ልል ነበር። እህቴ ብለው ሲጠሩኝ አቃተኝ" አለችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ቆጠረች። ከሁለት ሺህ ሴል ሰማንያ ሁለቱ ቡናማ ናቸው፤ ከመቶ አራት ከምናምን። ስትነግራቸው ፕሮፌሰሩ የሰም ካርቶን ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

"ምናልባት ቀለሙ ተበላሽቶ…"

"ቀለሙ ደህና ነው። ውጤቱ የታወቀ ማነጻጸሪያም አብሬ ቀብቻለሁ።"

"ታዲያ ይመለስብኛል ማለት ነው?"

"እሱን ቁጥሩ አያውቅም፣ ፕሮፌሰር። ቁጥሩ ተጠንቅቀው ይከታተሉ ነው የሚለው።"

ፕሮፌሰሩ "የዚያን የአናጢውን… ያኔ ስንት ነበር ያልሽው?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በወሩ "ማንኛውም ናሙና ተቆጥሮ እንጂ ታይቶ አይጻፍ" የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ የፕሮፌሰሩ የረጅም ዘመን ጥናት ፍሬ መሆኑ በስብሰባ ተነገረ፤ ተጨበጨበላቸው። ምላጭም ከኋላ ወንበር ሆና አጨበጨበች፤ ለነገሩ ከሁሉም ጠንክራ።

ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በየስድስት ወሩ ይመረመራሉ፤ እስካሁን ዕጢው አልተመለሰም። ማክሰኞ ማክሰኞ እስክሪብቶ ይዘው ምድር ቤት ይወርዱና አጠገቧ ተቀምጠው የሰው ዕጢ ይቆጥራሉ። አራት መቶ አካባቢ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይጠፋባቸዋል።

"የት ደረስኩ?" ይላሉ።

ምላጭ ቀና ሳትል "ከአንድ ይጀምሩ" ትላቸዋለች።