አቶ አበጋዝ ከወንበራቸው ያልተነሱ ዕለት

አቶ አበጋዝ ለእንግዳ ባለመነሳት የሚታሙ ሰው አልነበሩም። ገና ደጅ ላይ ኮቴ ሲሰሙ ብድግ ስለሚሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ «ለድመትም ይነሳል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ጨንቻ ተወልደው፣ ሸማ ሠርተው፣ ኋላ አርባ ምንጭ የጋቢ ሱቅ የከፈቱ ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ አብጦ ሊፈነዳ ነው ተባለ። ልጆቻቸው ተረባርበው ህንድ ላኳቸው፤ አብራቸው የሄደችው ልጃቸው እድላዊት ናት። ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ሳይከፍቱ በብሽሽታቸው በኩል ቱቦ አስገብተው ጠገኑላቸው። ሲሸኟቸው «እግርዎ ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታከሙ» አሏቸው።

በተመለሱ በወሩ ግራ እግራቸው ከጭናቸው ጀምሮ አበጠ። ምክሩን አልረሱትም። ግን በእሳቸው አገር ላበጠ እግር ሰው የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ዝሆኔ። በዘር ይወርዳል እየተባለ ስንቷን ልጅ ያለ ባል አስቀርቷል። ለእድላዊት ደግሞ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ስለዚህ ለልክነሽ እንኳ ሳይተነፍሱ፣ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀመጡ። ሞኝነት ነው፤ ግን ለልጅ ተብሎ የተሠራ ሞኝነት ስለሆነ ለመቆጣት አንጀት ያጥራል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አበጋዝ ቁጭ እንዳሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ካልተፈለግን እንመለሳለን» አሉ የሙሽራው አጎት አቶ እንድሪያስ፣ ወደ በሩ እየዞሩ።

አበጋዝ ደንግጠው ሊነሱ ሲሞክሩ እግራቸው ከዳቸው፤ ጋቢውም ወደቀ። እግሩን ሁሉም አየው።

«በዘራችን የለም» አሉ አበጋዝ።

በሽማግሌ ፊት መታየት የሌለባት እድላዊት ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «አባዬ፣ መቼ ነው ያበጠው?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እባካችሁ፣ መኪናችሁን።»

ደግፈው የጫኗቸው አቶ እንድሪያስ ናቸው። ሐኪም ቤት ተመረመሩ። የተጠገነው ደም ቅዳ እብጠቱ ገና ስላልሟሸሸ፣ አጠገቡ ያለውን ደም መልስ ተጭኖት እግራቸው ውስጥ ደም ረግቷል። ትንሽ ቢዘገዩ የረጋው ደም ወደ ሳንባቸው ሊሄድ ይችል ነበር። ደም የሚያቀጥን መርፌ ተወጉ።

ማምሻውን አቶ እንድሪያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ዝሆኔ ያለባት የእኔ እናት ናት፤ ሙሽራውን ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ከሁሉ በፊት ይህን ልንነግርዎ ነበር የመጣነው። ይከለክሉናል ብለን ስንፈራ ከረምን።»

አበጋዝ የአቶ እንድሪያስን እጅ ያዙና አለቀሱ። ቤታቸው በጤና ቁጭ ብለው ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይመልሱ እንደነበር ያውቁታል።