ከጌሙ ጀርባ የነበረው ቁጥር

ሚሊኒየሙ ሊከበር አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፣ እዚሁ ሰቆጣ። ሬዲዮና ሰዓት እጠግናለሁ፤ ሥራዬን የሚነቅፍ ሰው አልወድም። ያን ቀን ግን ራሴን የምወቅስበት ቃል አጣሁ፤ ለዚህ ነው ከሐሳቤ የማይወጣው።

ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ደስታ በእጅ የሚያዝ አሮጌ ጌም በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው አበባ ለታናሽ ወንድሟ የላከችው ነው። አህያ ረግጦት ቀፎው ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ግን ደህና ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ ለመለዋወጫ ብዬ ከደሴ ያመጣሁት፣ ውስጡ ተቃጥሎ ቀፎው ያልተነካ እንደሱ ያለ ጌም ነበረኝ። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ የውስጥ ዕቃውን ወደ ደህናው ቀፎ አዛወርኩ፣ የባትሪ ድንጋይ ከተትኩበት፣ በራ። እትዬ ደስታ መርቀውኝ ወደ ገበያ ሄዱ።

የተሰነጠቀውን ቀፎ ገበያው ዳር ጀሪካን ለሚበይዱት ለጋሽ ወርቁ ወስጄ ሰጠሁ። የኔ ስባሪ ፕላስቲክ ሁሌም የሳቸው ነው፤ በጋለ ብረት እያቀለጡ የተቀደደ ጀሪካን ይለጥፉበታል።

ከቀትር በኋላ እትዬ ደስታ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጌሙን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ።

«ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?»

«የአበባ ስልክ ነዋ። በምስማር ጽፋ የላከችልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጭረቱን አይቼዋለሁ እኮ፤ ልጆች የጫሩት መስሎኝ ነው። ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም። ልጃቸውን ማነጋገር ሲፈልጉ ጌሙን ይዘው ቴሌ ይሄዳሉ፤ የቴሌዋ ልጅ ከጀርባው እያነበበች ትደውልላቸዋለች። አበባ እዚያ ላይ የጻፈችው፣ ወረቀት ይጠፋል ብላ ነው። የባሰው ደግሞ በማግስቱ ከዚያ ቤት ልትወጣ ነው። አዲሱን ቁጥር ያን ቀን ሲደውሉላት ልትነግራቸው ተቀጣጥረዋል። እሳቸው ቤት ስልክ የለ፣ እሷ የምትደውልበት የለ። ያቺ ቀን ካለፈች የት ብለው ይፈልጓታል?

«አንተ ዓይን የለህም?» አሉኝ።

ሱቄን ዘግቼ ወደ ጋሽ ወርቁ ሮጥኩ። የቀፎው ፊት ቀልጦ አልቋል። ጀርባውን ግን እንዳለ ዳር ዳሩን በይደው የአንድ የጋዝጊብላ ሽማግሌ ጀሪካን ላይ ለጥፈውታል። ሽማግሌው ጀሪካኑን ነጭ ጋዝ ሞልተው፣ ጆሮዋ የተቀደደ አህያ ላይ ጭነው ከሄዱ ቆይተዋል አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

ቴሌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ከፊት፣ እትዬ ደስታ በአገውኛ እየረገሙኝ ከኋላ፣ የጋዝጊብላን መንገድ ተያያዝነው። ያገኘነውን ሁሉ «ጀሪካን የጫነ አህያ አይታችኋል?» ስንል ይስቁብናል። በገበያ ቀን ጀሪካን ያልጫነ አህያ የት አለ? ፀሐይዋን ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

አቀበቱ አጋማሽ ላይ ጆሮዋ የተቀደደውን አህያ አየሁ። ልጥፉ በሆዷ በኩል ነው። ልነካው ስል ሽማግሌው ዱላቸውን አስገቡብኝ።

«ብየዳው ገና አልጠናም፣ ልጄ። ቢላቀቅ ጋዜ ፈሰሰ ማለት ነው።»

ለማስረዳት አፌን ስከፍት እትዬ ደስታ የአበባን ስም ጠርተው በአገውኛ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረጉ። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ጭነቱን ፈቱና ጀሪካኑን ቀስ ብለው አጋደሙልን።

ልጥፉ ጥላሸት ለብሶ ምንም አይታይበትም። በአውራ ጣቴ ላዩን ስጠርገው ምስማሩ የጫረው ውስጥ ጥላሸቱ ቀረና ቁጥሩ ጠቁሮ ወጣ። ክንዴ ላይ ጻፍኩት። የመጨረሻዋ ቁጥር ግን የለችም። የጋለው ብረት በልቷታል።

ቴሌ የደረስነው ሊዘጋ ሲል ነው። ልጅቷ ቁጥሩን በቃሏ አታውቀውም።

«ከዜሮ ጀምረሽ በተራ ሞክሪ» አልኳት።

ዜሮ አልጠራም። አንድ ላይ ሰው በዓረብኛ ጮኸ። ሁለት ዝም፣ ሦስት ሌላ ሴት። እትዬ ደስታ በእያንዳንዱ አንዳንድ ጣት ያጥፋሉ። ሁለት ጣት ሲቀራቸው አበባ አነሳች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጢጥ አልኩ።

መጀመሪያ አዲሱን ቁጥር ለቴሌዋ ልጅ አስነግረው አጻፉ። ከዚያ አበባ ስለ ጌሙ ጠየቀች መሰለኝ፣ እትዬ ደስታ ዞር ብለው አዩኝ።

«አዎ፣ ደህና ነው» አሏት። «ባለሙያው ቀፎውን ቀየረልን። አዲስ አስመሰለው።»

መንገዱን ሁሉ ሲረግሙኝ እንደዚያ አላፈርኩም። አንገቴን ደፋሁ።

ዛሬም ዕቃ ሲመጣልኝ ብሎን ከመፍታቴ በፊት ገልብጬ አያለሁ። ጭረት ካየሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ጭረት ነው እንጂ ምን ይሆናል?» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።